ዓመቱን ገዝቼ ቀኑን እለምናለሁ

75 ዓመት የሞላኝ ቀን ልጄ ስልኬን ተቀብላ ነካካችና መለሰችልኝ። የራሴ ፎቶ አለበት፤ ከሥሩ ጉንዳን የፈሰሰበት የሚመስል ባለ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ። "የመዝናኛ ፓርክ የዓመት ካርድ ነው፤ ከማሙሽ ጋር ዓመቱን ሙሉ እንደ ልብህ ትገባለህ አባዬ" አለችኝ፤ ማሙሽ ልጇ ነው። መረቅኋት። ምርቃቱን ያኔ በሩቡ ብቆርጠው ኖሮ!

የምንኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። የፓርኩን ስም አልጠራም፤ ልጄ የአሜሪካን ጠበቃ ከእግዜር ቀጥላ ትፈራለች። ዲዝኒላንድ እንዳልሆነ ብቻ እወቁልኝ፤ የእሱ ጉድ ለብቻው ይመጣል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጫማዬን አስጠርጌ፣ ባርኔጣዬን ደፍቼ፣ ዳቦ ቆሎ ኪሴ ውስጥ ቋጥሬ ተነሣሁ። ልጄ ከስልኳ ቀና ሳትል "ሪዘርቬሽን አለህ?" አለችኝ። የምን ሪዘርቬሽን? ከፍለናል አይደለም ወይ? ከፍለናል። ዓመቱ የእኛ አይደለም ወይ? ነው። እና? ለካ ዓመቱ የእኛ ይሁን እንጂ ቀኖቹ የእነሱ ናቸው።

ካርዱ ደረጃ አለው፤ የእኛ ርካሹ ነው። ለርካሹ የማይገባባቸው ቀናት ዝርዝር አለ። ከፍቼ ሳየው የጾም መቁጠሪያ መሰለኝ። ቅዳሜ ጾም፣ እሑድ ጾም፣ የፈረንጅ ገና ሰሞን ጾም፣ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚያርፉበት ክረምት ደግሞ እንዳለ ሁዳዴ። ባሕረ ሐሳብ የጠነቀቀ ሊቅ ቢመጣ እንኳ ፋሲካው የት እንደሚውል አያገኘውም። እኛ ዘንድ ሀብታሙም ድኻውም ረቡዕና ዓርብን እኩል ይጾማል። እዚህ ግን እጥፍ ለከፈለ ዓመቱ በሙሉ ፍስክ ነው።

ከጾሙ የተረፉት ቀኖችስ? እነሱም በኮታ ናቸው።

ስለ ኮታና ስለ ወረፋ ለእኔ የሚነግረኝ የለም። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ለስኳር ተሰልፌያለሁ። ገና ሳይነጋ ሄጄ ድንጋይ አስቀምጬ ተራ ይዣለሁ። ድንጋይ ግን ጨዋ ነው። የይለፍ ቃል አይጠይቅም። "ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ፤ የትራፊክ መብራት ያለበትን ሥዕል ምረጥ" ብሎ አያዋርድም። እዚያ ከፊቴ ያለችውን ሴትዮ አያታለሁ፣ ሻጩን አየዋለሁ፣ ስኳሩ ሲያልቅ ጆንያው ሲራገፍ በዓይኔ አያለሁ። አሁን "ሞልቷል" የሚለኝ ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ማንን ልቆጣ? ስልኩ ላይ ስጮኽ የሚደነግጠው ማሙሽ ነው።

ደግሞስ ነፍሷን ይማርና ባለቤቴን ያወቅኋት እዚያው የስኳር ወረፋ ላይ ነው። ከድንጋዬ ቀጥሎ የነበረው ድንጋይ የእሷ ነበር። "እስቲ በአፕ ወረፋ ላይ ተዋውቆ የተጋባ አሳዩኝ!" ብዬ ስፎክር ልጄ "አባዬ፣ አሁን እኮ ሰው የሚጋባው በአፕ ነው" አለችኝ። ዝም አልኩ።

በስንት መከራ አንድ ሐሙስ ተገኘ፤ ትምህርት ቤቱም በዚያ ቀን ዝግ ነው። የመግቢያ ሰዓት ምረጥ ሲለኝ ጠዋት 3 ሰዓት ብዬ 3 ቁጥርን ነካሁ። ልጄ በር ላይ አውርዳን ወደ ሥራዋ ሄደች። በር ጠባቂዋ ልጅ ስልኬን ቃኘችና የእኔ ሰዓት ከቀትር በኋላ መሆኑን በትሕትና ነገረችኝ። ለካ የእነሱ 3 የእኛ 9 ኖሯል! በአገሬ ቀን የሚቆጠረው ፀሐይ ስትወጣ እንደሆነ፣ እኩለ ሌሊት ላይ "ቀኑ ነጋ" ማለት ለፀሐይም ነውር እንደሆነ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝ። ፈገግ አለች። አላስገባችኝም። ሮለር ኮስተሩ በላያችን እያለፈ፣ ሰዎቹ ሲጮኹ እየሰማን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ 6 ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። ዳቦ ቆሎው በ5 ሰዓት አለቀ። ይህችን አንዷን ጥፋት በራሴ እቀበላለሁ፤ የቀሩትን አልቀበልም።

ይህን ፌርፋክስ፣ ሊትል ኢትዮጵያ፣ ቡና ቤት ተቀምጬ ሳማርር አንድ ወዳጄ "ያንተማ ምን አላት! የዲዝኒላንዱን አልሰማህም?" አለኝ። ዲዝኒላንድ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1955 ሲከፈት የአዋቂ መግቢያ 1 ዶላር ነበር፤ መጫወቻው ለብቻው ይከፈልበታል። በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት ተዘግቶ ከዓመት በላይ ቆየ። በሚያዝያ 2021 መጨረሻ ሲከፈት የሚገባው ሁሉ ቀን አስቀድሞ እንዲያስይዝ ተደረገ። የድሮው የዓመት ካርድ ቀርቶ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ "ማጂክ ኪ" የሚባል ባለ 4 ደረጃ ካርድ መጣ። ያኔ የላይኛው "ድሪም ኪ" ይባል ነበር፤ የሕልም ቁልፍ መሆኑ ነው፤ ዋጋው 1,399 ዶላር ነበር። የተከለከለ ቀን የለበትም ተብሎ ተሸጠ።

የተከለከለ ቀንስ አልነበረበትም። ግን ቀን ሊያስይዙ ሲሉ ሞልቷል! ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ከሳሽ ያለችው፣ ለካርድ ባለቤቶች ሞልቷል በተባለበት ቀን የዕለት ቲኬት ይሸጥ ነበር ነው። ኩባንያው ጥፋት አለብኝ ሳይል በ2023 9.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ብዙ ገንዘብ መሰላችሁ? የካርዱ ባለቤቶች ከ100 ሺህ በላይ ነበሩ። ለያንዳንዱ የሚደርሰው 67 ዶላር ገደማ ነው ተባለ። ሕልሙን በ1,399 ገዝቶ፣ ፍቺውን በ67!

ሌላም አለ። ያ ካርድ ሲወጣ በ90 ቀን ውስጥ 3 ጊዜ ቀን አስይዞ የቀረ ሰው ለ30 ቀን አዲስ ቀን እንዳያስይዝ ይታገድ ነበር። ቀጠሮ ያፈረሰ ይቀጣ፤ አልጠላሁም። ቀጠሮ የሚነፍገውን ማን ይቅጣው?

የፓርኮቹ ምክንያት ግን አይገባኝም አልልም። ሁሉ ሰው በአንድ ቅዳሜ ግር ብሎ ቢመጣ መተላለፊያ ይጠፋል፤ ስንት ሠራተኛ እንደሚያስፈልግም አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። ደግሞ እንደ እኔ ዳቦ ቆሎ በኪሱ ይዞ የሚገባ ሽማግሌ ምን ይገዛላቸዋል? ከሩቅ የመጣ ቱሪስት በርገሩንም፣ ባለ ጆሮውንም ባርኔጣ ይገዛል። እኔ ነጋዴ ብሆን ለማን በሩን እንደምከፍት አውቃለሁ። ግን ይህን ቀድመው ይንገሩን! ገንዘባችንን ሲቀበሉ "ዓመቱን ሙሉ" አይበሉን!

የእኛ ካርድ ክፍያ በየወሩ ነው። በመጀመሪያ ዕቁብ ነው ብዬ ተጽናንቼ ነበር፤ የዕቁብ ዕጣ ግን ቢዘገይም ይወጣል። ገንዘቡ ከባንክ ሲቆረጥ "ዛሬ ሞልቷል፣ ሌላ ቀን ይሞክሩ" ተብሎ አያውቅም። "እንደ ልብህ" ያለችኝ ልጄም ቃሏን ለውጣለች፤ አሁን የምትለው "ከተገኘ" ነው።

ካርዱ ሊያልቅ 2 ሳምንት ቀርቶታል። ትናንት ማታ ማሙሽ ስልኬን ሲፈትሽ አምሽቶ አንዲት ክፍት ቀን አገኘልኝ፤ ማክሰኞ። እሱ ትምህርት ቤት ነው፣ እናቱም ሥራ ላይ ናት። ብቻዬን እሄዳለሁ። ሰዓቱን 9 ብለን ሞልተናል፤ በፈረንጅ።