ቀዳዳ የሌለው ፊደል

የእንቁጣጣሽ ሥዕል ዋጋው በሥዕሉ አይደለም። ልጁ በማለዳ በር ላይ ቆሞ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዘረጋል፤ ተቀባዩ ወረቀቱን ከማየቱ በፊት የልጁን ፊት አይቶ «የእነ እገሌ ልጅ አይደለህም እንዴ?» ይላል፤ ከዚያ ነው እጁ ወደ ኪሱ የሚገባው። ወረቀቱ ላይ ፀሐይ ጥርሷን አውጥታ ትስቃለች። አደይ አበባ ከጎጆው ጣሪያ በላይ በቅላለች። የመልአኩ አንድ ክንፍ አጥሯል። ማንም አያርመውም። ሴቶቹ አበባየሁሽ እያሉ ይዘፍናሉ፣ ወንዶቹ ሥዕል ያድላሉ፤ ከተማ ቀመስ ሆነን ካደግን ወንዶች መካከል መስከረም 1 ቀን ሠዓሊ ሆኖ የማያውቅ ጥቂት ነው።

ይህን ያህል የተሳካለትን ንግድ ወደ ፋብሪካ ልለውጠው የተነሣሁት ቁይ ላይ ነው።

ቁይ የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ምሥራቅ ጎጃም፣ ደጋ። ጳጉሜን ሲገባ ሌላው አገር ጃንጥላውን ይሰቅላል፤ እዚህ ግን ልብስ አይደርቅም፣ እንጨት አይነድም፣ ሰማዩም የበዓሉን ቀን የነገረው ያለ አይመስልም። እኔ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ልጆቿ ምድጃው አጠገብ ተጋድመው ለእንቁጣጣሽ ይሥላሉ። ታላቅየው ጠንቃቃ ነው፤ የመላእክት ላባ አንድ በአንድ ስለሚሥል በዚያ አካሄዱ ለመላው ከተማ የሚበቃው ለሚቀጥለው ዓመት ነው። ታናሽየው ደግሞ ሁሉንም ነገር ጥንዚዛ አድርጎ ይሥላል።

በዚህ መሐል ዋሽንግተን ያለች ዘመዳችን በስልክ ቪዲዮ ላከች። እዚያ ሴቶች ተሰብስበው በወረቀት ካርድ ይሠራሉ። እጀታ ያላት ትንሽ መዳመጫ አለቻቸው፤ ወረቀቱን ስለት ካለው የአበባ ቅርጽ ጋር ደራርበው ሲያሳልፉት በወዲያ በኩል የተቆረጠ አበባ ይወጣል። የጎማ ማኅተሙ በመሳቢያ ሙሉ ነው። ቅርጹ ተበስቶ የወጣለት ፕላስቲክም አለ፤ ወረቀት ላይ አስተኝተው ቀለም ሲያሸሹበት ሥዕሉ ከታች ይቀራል። ልጆቹ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አዩና ታላቅየው «ጋሼ፣ እኛስ?» አለኝ።

እኛማ። በገበያ ቀን ኩራዝና ማንቆርቆሪያ ከሚሠሩ አንድ አባት ዘንድ ሄድኩ። ከወተት ጣሳ ላይ ቀጭን ቆርቆሮ ቀደው በአበባ ቅርጽ እንዲያጥፉልኝ፣ አንዱን ጠርዝ ደግሞ ድንጋይ ላይ ስለት እንዲያወጡለት ጠየቅኋቸው።

«ለምንህ ነው ልጄ?»

«አበባ ልቆርጥበት ነው፣ አባባ።»

ቀና ብለው ወደ ሜዳው አዩ። አደይ ቢጫ ምንጣፉን መዘርጋት ጀምሯል። «በእጅህ ብትቀጥፈው ምን ይልሃል?»

ሠሩልኝ ግን። ቤት ስንደርስ ቆርቆሮውን ወረቀት ላይ አስቀምጠን በመዶሻ መታነው። ከሥሩ ድንጋይ ስናደርግ ስለቱ ይታጠፋል፤ እንጨት ስናደርግ ወረቀቱ ተቆርጦ እንጨቱ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል። ሜክሲኮዎች ለበዓላቸው በገመድ የሚሰቅሉትን ስስ ወረቀት ብዙውን ደራርበው በመሮና በመዶሻ እንደሚፈለፍሉት አንብቤ ስለነበር እኛም ደረደርን፤ ከታች ያለቀ ደብተር ተቀመጠ። አንድ ጊዜ በተመታ ቁጥር የላይኛዎቹ ጥርት ብለው ይቆረጣሉ፣ የመካከለኛዎቹ ይቦጨቃሉ፣ የታችኛዎቹ አይቆረጡም፤ የአበባ ቅርጽ ብቻ ጎድጉዶባቸው ይቀራል።

የታችኛዎቹን ያደነቁልኝ ለቡና የመጡ መሪጌታ ናቸው። «ይኼማ ድጉስ ነው» አሉ። እሳቸው ያሉት የብራና መጻሕፍታችንን የቆዳ ሽፋን ነው። ደጓሹ በብረት መሣሪያዎቹ እያተመ መስቀሉንና ሐረጉን ያወጣል፤ ቀለም የለም፣ ቆዳው ላይ የብረቱ ግፊት ብቻ ነው የሚነበበው። ብራናውም ቢሆን መስመሩ በቀለም አይሰመርም፤ ዳር ዳሩ በወስፌ ይበሳና ከነጥብ ወደ ነጥብ ተጭነው ያሰምሩታል። ይህን ሲሉ ዓይናቸው ያረፈው በእኔ እጅ ላይ ነበር፤ የአክስቴን የስፌት ወስፌ ይዤ ወረቀት እወጋበት ነበር።

«ታዲያ እኛም ሥራችን ከአባቶች ጋር ተገናኘ ማለት ነው» አልኩ።

«መሣሪያው ተገናኝቷል» አሉ መሪጌታ፣ ስኒያቸውን እያስቀመጡ።

ቀጥሎ ማኅተም ነበር። ጎማ ከየት ይመጣል? ድንች ግን በጎጃም ደጋ ሞልቷል። ድንች ለሁለት ተከፍሎ ፊቱ ላይ ቅርጽ ሲወጣለት ደኅና ማኅተም ይሆናል። ጣጣው ውኃው ነው፤ በጨርቅ ካልደረቀ ቀለሙን ይገፋዋል፣ ካደረ ደግሞ ይጨማደድና ይጠቁራል። ከሁሉ የከፋው ፊደል መቅረጽ ነው። ማኅተም ግራውን ቀኝ አድርጎ ስለሚያትም መቀረጽ ያለበት ተገልብጦ ነው። የእኛ ፊደል በዚህ ላይ ግማሹ ቸር ግማሹ ክፉ ነው። «በ»ን ብትገለብጠው «በ» ነው፤ «ሰ»ም፣ «ጠ»ም፣ «ሀ»ም እንዲሁ። ቡ ሲሆን ግን ያቺ በቀኝ ጎኑ የምትወጣው ጭረት ወደ ግራ ትዞራለች፤ ባ በሌላኛው እግሩ ያነክሳል። ግዕዙ ይቅር ሲል ካዕቡና ራብዑ አይምርም። ታላቅየው «አበባ» ብሎ ቀርጾ ሲያትም መካከለኛው ፊደል ብቻ ደኅና ወጣ፤ ቃሉም ከኋላ ወደ ፊት ይነበብ ነበር።

ስለዚህ ጽሑፉን ትተን አበባ ብቻ ቀረጽን፤ ዙሪያውን ክብ አደረግንበት። የተገኘው ቀለም ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የተገዛ የማኅተም ቀለም፣ ወይን ጠጅ ነው። አገራችን ውስጥ ክብ ወይን ጠጅ ነገር ወረቀት ላይ ምን ማለት እንደሆነ የዚያን ጊዜ ያነሣ ሰው አልነበረም። የጥንት ነገሥታት ማኅተማቸውን ከደብዳቤው ራስጌ ነበር የሚያሳርፉት፤ አንባቢው ከቃሉ በፊት የላኪውን ሥልጣን ያያል። ዛሬ ማኅተሙ ወደ ግርጌ ወርዶ ከፊርማና ከቲተር ጋር ይቀመጣል እንጂ ኃይሉ ያው ነው፤ ክብ የሌለበት ወረቀት መጠቅለያ ነው። እኛ እንደ ነገሥታቱ ከላይ አደረግነው፤ ያምር ነበር።

ማኅተሞቹ በማግሥቱ ጠዋት ከመደርደሪያው ላይ ጠፉ። የተገኙት ድስት ውስጥ ነው። አክስቴ የተከፈለ ድንች አይታ ሥራ የቀለለላት መስሏት በጭላንጭል አጥባና ከትፋ አልጫ ጥዳዋለች። አንዲት ጎረቤት ክዳኑን ከፍታ «እትዬ፣ በጾም ቀይ ሥር ያለበት አልጫ እንዴት ያምራል!» አለች። አልጫው ወደ ውሻው ሄደ፤ ውሻውም አሽትቶት ወደ እኛ አየ።

የቀረው ሦስተኛው መንገድ፣ ቅርጹ ተበስቶ ቀለም የሚሸሽበት ነው። እሱ የሚፈልገው ቀለም የማያርሰው ቀጭን ጠንካራ ነገር ነው፤ በቤቱ ያለው ደግሞ የአክስቴ የወገብ ራጅ ነበር። ታላቅየው ፊልሙ በበረኪና ሲታጠብ ጥቁሩ ለቆ እንደ መስተዋት ጥርት ይላል ሲል አክስቴ «አጥንቴን አታጥቡብኝ!» ብላ ጮኸች። በመጨረሻ አጥንት ከሌለበት ጠርዝ ብቻ እንድንቆርጥ ፈቀደች። «መልካም አዲስ ዓመት» ግን ረጅም ነው፤ ጠርዙ አልበቃው ሲል ወደ ጎድኗ ገባ።

እዚህ ላይ ነው ፊደላችን ሌላ ጠባዩን ያሳየኝ። «መ»ን ስትበሳው ሁለቱ ሆዶቹ ቱብ ብለው ይወድቃሉ፤ የሚይዛቸው የለም። «ም»ም ሁለት ይጥላል፤ «ዓ» አንድ። ቀለሙ ሲሸሽ መ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ጥቁር እብጠት ይሆናል። በእኛ ተማሪነት ፈተና በስቴንስል ሲባዛ ያየነው ይኸው ነበር። ጸሐፊዋ የመኪናውን ጥብጣብ አንሥታ ሰም የተቀባውን ወረቀት በባዶ ፊደል ትመታዋለች፤ ፊደሉ ሰሙን ሲገልጥ ቀለሙ በዚያ ያልፋል። አጥብቃ ከመታችው የፊደሉ ሆድ ተቦጭቆ ይወድቅና ጥያቄው ላይ ጥቁር ክብ ይወጣል። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ የተማሪዎች እንቅስቃሴ ወረቀቶች የተበተኑትም በዚህ ማባዣ ነው፤ ያን ሁሉ ሐሳብ ያሳለፈው የተሸነቆረ ሰም ነበር።

መፍትሔው ድልድይ ነው፤ የፊደሉን ሆድ ከዳሩ ጋር የሚያያይዝ ቀጭን መስመር ሳይቆረጥ ይተዋል። ይህን የመስቀል አንጥረኞቻችን ከጥንት ያውቁታል። በጥምቀት የሚወጣውን የላሊበላ መስቀል ልብ ብላችሁ ካያችሁት ያ ሁሉ ክፍት ሐረግ ውስጥ ብቻውን የተንሳፈፈ ብረት የለም፤ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር ተያይዟል፣ ጎረቤቱም ከዳሩ ጋር። እኛ ድልድዩን ያሰብነው ሆዶቹ ከወደቁ በኋላ ስለሆነ ታናሽየው የወደቁበትን ወረቀት ተረክቦ በየ«መ»ው እብጠት ላይ ዓይን፣ እግርና አንቴና እየጨመረ ሥራውን ቀጠለ።

መስከረም 1 ጠዋት ልጆቹ ወጡ። ታላቅየው በመዶሻ የተቆረጡትን አበቦችና በማኅተም የተመቱትን ካርዶች ያዘ፣ ታናሽየው ጥንዚዛዎቹን። ከቤታችን ፊት ለፊት ያሉት አንድ ሽማግሌ ካርዱን ተቀብለው ወይን ጠጁን ክብ ሲያዩ ቀለማቸው ተለወጠ። «ቆይ አንድ ጊዜ» ብለው ገቡ፤ ሲመለሱ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዘዋል። «የማዳበሪያውን ዕዳ ከፍያለሁ፤ ይኸው ደረሰኙ። ሂድና ለላከህ ንገረው!» ልጁ «እንኳን አደረስዎ» ቢልም የሰሙት አልመሰለኝም፤ ዳቦውን ግን ሰጡት።

የተቆረጡት አበቦች ያጋጠማቸው ከዚህ ይብሳል፤ ሰው አየና አነጻጸራቸው። ከቡና በኋላ ሴቶቹ የየቤታቸውን ካርድ አወጡ። የአንዷ አበባ የሌላዋ አበባ ነው፤ ልክክ። «ልጆቹ አባዝተው ነዋ የሚያድሉት!» አለች አንዷ፣ እንደ ተታለለ ሰው። ማታ ላይ የታናሽየው ኪስ ከታላቅየው ኪስ ይከብድ ነበር። ጥንዚዛ ያልደረሳቸው ሁለት ቤቶች እንዲያውም ልከው አስጠየቁ፤ አንዱ ዓይኑ አንድ፣ አንዱ ባለ ጫማ፣ አንዱም አክሊል የደፋ ስለሆነ «የእኛስ ምን ዓይነት ነው?» ማለት ተገቢ ጥያቄ ነበር።

ያን ቀን የገባኝ ቆራጩም ማኅተሙም ራጁም አንድ ሥራ ብቻ እንደሚያውቁ ነው፤ ያንኑ ደጋግሞ ማውጣት። ለፈተና ወረቀት ደግ ነገር ነው። የእንቁጣጣሽ ሥዕል ግን ስጦታ የሚሆነው ለዚያ በር ብቻ የተሣለ ሲመስል ነው፤ ጎረቤት ቤት መንታ ካለው ደረሰኝ ነው። መሪጌታ «መሣሪያው ተገናኝቷል» ብለው የተዉት ቀሪ ዓረፍተ ነገር ይህ ይመስለኛል። ደጓሽ ብረቱ ያው ብረት ቢሆንም በአንድ መጽሐፍ ላይ ጊዜውን ይጨርሳል እንጂ ለመንደሩ ሁሉ አንድ ሽፋን አያትምም።

ራጁ ጉዳዩን አልጨረሰም። መስከረም አጋማሽ ላይ አክስቴ ለቀጠሮዋ ወደ ሐኪም ስትሄድ አሮጌውን ፊልም ከአዲሱ ጋር እንድታመሳክር ታዝዛ ይዛው ሄደች። ሐኪሙ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እትዬ፣ መልካም አዲስ ዓመት ለእርስዎም» አላት። አክስቴ እስካሁን ያን ሐኪም ስትመርቅ ትኖራለች፤ ጨዋ ልጅ ነው ትላለች፤ ከየት እንዳነበበው ግን ማንም አልነገራትም።

ዝናው ግን ወጣ። አንድ ምግብ ቤት ያላቸው ሰው ለግድግዳቸው በተበሳ ፊደል ማስታወቂያ እንድሠራ ጠየቁኝ። «ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት» እንዲል ፈለጉ። ዋጋውን በፊደል ሳይሆን በሆድ ነገርኳቸው፤ ድልድይ የሚያስፈልገው ሆዱ ነውና። «ቁርስ» አንድ ሆድ አለው፣ «ምሳ» ሁለት፣ «እራት» ግን ምንም። ሰውየው አስበው አስበው «እንግዲያው እራት ብቻ ጻፍ» አሉ።

በዚህ ስሌት የአገሩን የንግድ ቃል ሁሉ ቆጠርኩት። «ወጥ» ይከብዳል፣ «አረቄ»ም እንዲሁ። ከሁሉ የሚረክሰው «ጠላ አለ» ነው፤ አንድም የሚወድቅ ሆድ የለበትም፣ ሕፃን ቢቆርጠውም አይበላሽም። ደስ ብሎኝ ጥግ ላይ ወዳሉት የጠላ ቤት እመቤት ሄጄ በነጻ ልሥራልዎ አልኳቸው። ሴትዮዋ ሳቁና ወደ ደጃቸው ጠቆሙኝ፤ እንጨቱ ጫፍ ላይ ጣሳ ተሰክቷል።

«ማንበብ ለማይችለውም ነው ልጄ» አሉኝ። «የእኔ ደንበኛ ሲመጣ እንኳ ቢያነብ፣ ሲሄድ አያነብም።»