የሽኝት ድግስን ከስብሰባ ለመለየት የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 350/2017

ስማ! ስማ! ነጋሪት ስላልተገኘ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እየተጎሰመ የተነገረ አዋጅ ነውና፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ለስላሳ ስለጠጡ ብቻ “ደማቅ የሽኝት ፓርቲ ተካሄደ” ተብሎ ሪፖርት ማቅረብ እየተለመደ በመምጣቱ፤

በጀት ተመላሽ እንዳይሆን በሰኔ ወር የሚደረገው ሩጫ፣ የሰውን የ32 ዓመት አገልግሎት ከወንበር ጥገና ጋር በአንድ የወጪ ማዘዣ እንዲወራረድ ስላደረገው፤

ተሸኚውም ለገዛ ሽኝቱ 350 ብር የተቆረጠበት በመሆኑ (ወደዚህ እንመለሳለን)፤

እኔ፣ ከመዝገብ ቤት በጡረታ የተገለልኩት፣ ከቤቴ በረንዳ ሆኜ የሚከተለውን አውጃለሁ።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የሽኝት አዋጅ ቁጥር 350/2017” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ለሒሳብ ክፍል ግልጽ ነው።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ

የቃሉ አግባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፤

1/ “ስብሰባ” ማለት አጀንዳ፣ ሰብሳቢና የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ያለው፣ ሁሉም ሰው በር በሩን የሚያይበት መቀመጥ ነው።

2/ “ድግስ” ማለት ከላይ የተዘረዘሩት አንዳቸውም የሌሉበት ነው።

3/ “ፓርቲ” የሚለው ቃል ችግር አለበት። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ሀገር አቀፍ የፖለቲካ ፓርቲ ለማቋቋም 10,000 መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ። የእኔን ፓርቲ ለማቋቋም ግን አንድ የሰው ኃይል ባለሙያና አንድ ካርቶን ውሃ በቂ ሆነው ተገኝተዋል። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1994 የጭፈራ ሌሊቶችን ለመቆጣጠር ሕግ ሲያወጡ፣ እዚያ የሚሰማውን ሙዚቃ በተከታታይ በሚደጋገም ምት ለይተውታል። (የሰው አገር ሕግ ማንበብ የመዝገብ ቤት ሰው ሱስ ነው።) በእኔ ሽኝት ላይ በተከታታይ ሲደጋገም የተሰማው ምት የሰብሳቢው “ከዚህ አንጻር” ብቻ ነበር።

4/ “ልዩ ልዩ” ማለት ማንም የማይፈልጋቸው ጉዳዮች የሚቀበሩበት የአጀንዳ ግርጌ ነው። ሽኝቴ የተያዘው እዚህ ውስጥ፣ ከሁለተኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት የውሃ መቋረጥ ቀጥሎ ነው።

5/ በወንድ ፆታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል። ሴት ተሸኚ ቡናውን ራሷ እንድታፈላ መጠየቅ ግን በዚህ ድንጋጌ አይሸፈንም።

አንቀጽ 3. የተፈጻሚነት ወሰን

በማንኛውም መሥሪያ ቤት ተፈጻሚ ይሆናል። ሰርግን አይመለከትም፤ ሰርግ የራሱ ጣጣ አለው።

አንቀጽ 4. ስለ መዋጮ

1/ ተሸኚ ለሽኝቱ መዋጮ አይከፍልም።

2/ የዚህ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 1 ለማንኛውም ጤነኛ ሰው ግልጽ ቢሆንም፣ ሒሳብ ክፍል ለሚሠሩ እንደሚከተለው ይብራራል፤

ሀ) ተሸኚ እስከ ሰኔ 30 ድረስ ሠራተኛ መሆኑ አይካድም። ሆኖም “መዋጮ ከሠራተኛ ሁሉ ይቆረጣል፣ ጋሼም ሠራተኛ ናቸው፣ ስለዚህ ከጋሼም ይቆረጣል” የሚለው አነጋገር ምንም ያህል ቀዳዳ ባይገኝለት የተከለከለ ነው፤

ለ) ተሸኚዎች ሁለት በሚሆኑበት ጊዜ አንዱ ለሌላው እንዲያዋጣ ተደርጎ “ተቻችለዋል” አይባልም፤

ሐ) ከሁለቱ አንዱ ኃላፊ ሌላው ተላላኪ ቢሆን፣ የኃላፊው ድርሻ በተላላኪው ላይ አይደረብም፤

መ) ተሸኚው የመዋጮ ኮሚቴ አባል ቢሆን ከሌሎች ይሰበስባል እንጂ ከራሱ ኪስ ወደ ራሱ ኪስ ደረሰኝ አይቆርጥም፤

ሠ) ተሸኚው በገዛ ፈቃዱ “እኔም ላዋጣ” ቢል፣ መጀመሪያ ትኩሳቱ ይለካ፤

ረ) ቁም ተዝካር እንደ ማስረጃ ሊጠቀስ አይችልም። ቁም ተዝካር የሚያወጣ ሰው ደጋሹ እሱ ራሱ ነው፤ ጠጁን ቀምሶ ያሳልፋል፣ ማን እንደሚጠራ ይወስናል፣ ሲጠግብም ይመረቃል። እኔ የቀመስኩት የግማሽ ሊትር ውሃና አንድ እፍኝ ቆሎ ነው። የተጠራሁትም ሊጀመር 20 ደቂቃ ሲቀረው ነው። የሰላማዊ ሰልፍና የሕዝባዊ ፖለቲካዊ ስብሰባ አዋጅ ቁጥር 3/1983 እንኳ የ48 ሰዓት ቅድሚያ ማስታወቂያ ይጠይቃል፤

ሰ) ተቀናሹ ስህተት መሆኑ ከታመነ በኋላ “ከጡረታ አበልዎ ላይ ይስተካከላል” ማለት ክልክል ነው። የጡረታ አበል የሚከፍለው ሌላ መሥሪያ ቤት እንደሆነ ተናጋሪው ያውቃል፤ እኔም እንደሚያውቅ አውቃለሁ፤

ሸ) “350 ብር ምን አላት ጋሼ” ማለት እንደዚሁ።

3/ ስለ 350 ብሩ። ከደመወዜ ለጡረታ 7 በመቶ ሲቆረጥ ተከፍቼ አላውቅም። ለቀይ መስቀል፣ ለስፖርት፣ ለግድብ ቦንድ ሲቆረጥም ፈርሜአለሁ። በአሮጌ ማስታወሻ ደብተሬ እንደቆጠርኩት ከተቀጠርኩበት ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ለ41 ሰው ሽኝት አዋጥቻለሁ፤ ሲጀመር 5 ብር ነበር። ከ41ዱ መካከል የማልወዳቸው ነበሩ፤ ለእነሱም አዋጥቻለሁ። የሂሳብ ሠራተኛዋን፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆነውን፣ “እንዲያው አንቺ ስትዳሪ ለራስሽ ሰርግ ጥሪ ወረቀት ይላክልሻል?” ብላት፣ ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ “ጋሼ፣ ሲስተሙ ስም አይመርጥም” አለችኝ።

እውነቷን ነው። አይመርጥም።

4/ ተሸኚ የገዛ ሽኝቱን ቃለ ጉባኤ አይዝም።

ይህ ንዑስ አንቀጽ በመዋጮ ሥር ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ የሕግ ባለሙያ ይኖራል። እዚህ የገባው ይህም የተከፈለ ስለሆነ ነው። ሐሙስ ሰኔ 26 አዳራሹ ስገባ ሰብሳቢው፣ “ጋሼ፣ የእርስዎ ጽሕፈት ይነበባል፣ ለመጨረሻ ጊዜ ይያዙልን” አሉኝ። ያዝኩ። ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ፤ ጸደቀ። የ11 ወር የዕቅድ አፈጻጸም፤ 94 በመቶ። የበጀት አጠቃቀም፤ “አበረታች”። የውሃ መቋረጡ 25 ደቂቃ ወሰደ፤ ቧንቧው ነው ወይስ ታንከሩ በሚለው ላይ ሰባት ሰው አስተያየት ሰጠ። ከዚያ እኔ መጣሁ። ሰብሳቢው ስልካቸው እየጮኸ አንድ ካርቶን አቀበሉኝ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳን። ሰርቪስ ሊሄድ ነው ተባለና ሰው ወንበሩን እየጎተተ ተነሳ።

ለመናገር አዘጋጅቼ ነበር። ብዙ አይደለም፤ አንድ ገጽ፣ ባለቤቴ ሰምታ ያረመችው። ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር።

ቃለ ጉባኤ ግን እንዲሁ አይዘጋም፤ ቅርጽ አለው። አዳራሹ ባዶ ከሆነ በኋላ ተቀምጬ “ተሸኚው ስለተደረገላቸው ደማቅ አሸኛኘት ምስጋና አቅርበዋል” ብዬ ጻፍኩ። አላቀረብኩም። በ32 ዓመት ውስጥ በመዝገብ ቤቱ ያስገባሁት የሐሰት ሰነድ ይህ አንድ ብቻ ነው። ቁጥር ሰጥቼ ፋይል አድርጌዋለሁ።

5/ በ1986 ዓ.ም. የዘበኛችን ሽኝት ግቢው ውስጥ ካለችው ዋንዛ ሥር ነበር። አንድ በግ፣ ጠላ በእንስራ። ሥራ አስኪያጁ ኮታቸውን አውልቀው ጠላ ሲቀዱ ሾፌሩ ክራር ይመታ ነበር። ዘበኛው እስክስታ ወርዶ ሲበቃው የግቢውን ቁልፍ ለማስረከብ ኪሱን ዳበሰ፣ አወጣው፣ መልሶ ከተተው። “ነገ ጠዋት ላምጣው?” አለ። “አምጣው” አሉት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል በየጠዋቱ ሊያስረክብ ይመጣ ነበር፤ ቁርስ በልቶ፣ ከበሩ ላይ አረፍ ብሎ ይሄዳል። ያንን ቀን ፓርቲ ያለው ሰው ትዝ አይለኝም። መዝገብ ቤት ውስጥም ስለዚያ ቀን አንዲት ወረቀት የለችም፤ ፈልጌያለሁ።

አንቀጽ 5. ስለ ንግግር

ከተሸኚው በፊት የሚናገር ሰው የተሸኚውን ስም ከወረቀት ሳያይ መጥራት ይኖርበታል። ካልቻለ ይቀመጥ።

አንቀጽ 6. ስለ ኬክ

ከተገኘ ይቆረጣል። ከደመወዝ ሳይሆን በቢላዋ።

አንቀጽ 7. ስለ ስጦታ

1/ ከእንግዲህ ቢሮ ለማይገባ ሰው የግድግዳ ሰዓት አይሰጥም።

2/ ከተሰጠ ከነባትሪው ይሰጣል። “ባትሪ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ግዥ ውስጥ ተካቷል” የሚል መልስ ተቀባይነት የለውም።

3/ ተሸኚው ስጦታውን ከበር ይዞ ለመውጣት የንብረት መውጫ ወረቀት አይጠየቅም። እንደ እኔ ተጠይቆ ከሆነ፣ ወረቀቱን የሚፈርመው የንብረት ኃላፊ ሥልጠና ላይ ስለሆነ ተሸኚው ሰዓቱን ታቅፎ ጥበቃ ቤት ሁለት ሰዓት አይቀመጥም። ሁለት ሰዓት መሆኑን ያወቅኩት በስልኬ ነው።

አንቀጽ 8. የተሻሩ ሕጎች

ይህን አዋጅ የሚቃረን ማንኛውም መመሪያ፣ ልማዳዊ አሠራርና ሲስተም ተሽሯል። የቃለ ጉባኤው የመጨረሻ ዐረፍተ ነገርም አብሮ ተሽሯል።

አንቀጽ 9. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ የተሸለምኩት ሰዓት 11 ሰዓት ከሞላበት ጊዜ ጀምሮ የጸና ይሆናል። አሁን ሳሎን ግድግዳ ላይ 10 ሰዓት ከ10 ይላል።

ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.
ተሸኚውና ቃለ ጉባኤ ያዡ