ቀነስ አድርጋችሁ አሰሙን

አምፕሊፋየር የገዛ ሰው ጣጣው ያለቀ ይመስለዋል። ጣጣው የሚጀምረው ስፒከር ፍለጋ የወጣ ዕለት ነው። ዘመድ ከዱባይ ይዞልኝ የመጣው አምፕ ጅማ ሰቶ ሰመሮ፣ ቤቴ፣ ቡፌው ላይ ዳንቴል ተነጥፎለት ጉብ ብሏል፤ እኔ ግን ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ ስመላለስ እግሬ ቀጠነ። ብዙ ዞሬ ምርጫዬ ሁለት ላይ ቆመ። አንዱ ወገቤ ድረስ የሚደርስ፣ ባለ 12 ኢንች ባስ፣ በዘፈነ ቁጥር ሰማያዊና ቀይ መብራት የሚያበራ ግዙፍ ነው። ሌላው ባለ 6 ኢንች ተኩል፣ መብራት የለው ጌጥ የለው፣ ጥቁር ሳጥን።

ሁለቱን አሰሙኝና ልምረጥ ማለት ምን ይከብዳል? ከብዷል። አምፕህን ይዘህ ና የሚል ሱቅ የለም፤ የሚያሰሙህ በራሳቸው ነው፣ እሱም እስከ ጫፍ ተከፍቶ። ግዙፉን በአንድ ዘፈን፣ ትንሹን በሌላ ዘፈን። ግዙፉ ሲጀምር መደርደሪያው ላይ ያለው ቻርጀርና ሪሞት ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ደረትህ ውስጥ የሆነ ነገር ይመታል፣ ሻጩም በኩራት አንገቱን ነቅነቅ ያደርጋል። «ይኼ ገና ግማሹ ነው ጋሼ!» የሰው ጆሮ ሞኝ ነው፤ ከሁለት ድምፅ ትንሽ ጮክ ያለውን ጥራት ያለው አድርጎ ይቀበለዋል። ይህን እኛ ገዢዎቹ ባናውቅም ሻጭ ሁሉ ያውቃል። እስቲ ከአሊ ቢራ አንድ፣ ዑዱ ጎልቶ የሚሰማበትን ክፈትልኝ ብለው «ጋሼ፣ እሱ እኮ ባስ የለውም» ብሎኝ አረፈ።

የዋቱን ነገር ደግሞ ማን ይቻለው! ግዙፉ ሳጥን ላይ በወርቅማ ተለጣፊ «3000 ዋት ፒኤምፒኦ» ተብሏል። ፒኤምፒኦ ማለት ደንብ ያልወጣለት፣ ፋብሪካው ለቅጽበት ይደርስ ይሆናል ያለውን ሁሉ ደማምሮ የሚለጥፈው ቁጥር ነው። ቁም ነገሩ አርኤምኤስ የሚባለው፣ ዕቃው ሳይጎዳ ያለማቋረጥ የሚችለው ዋት ነው። እሱን ፍለጋ ሳጥኑን አገላበጥኩት፤ የለም። አጠገቡ የተቀመጠው ባለ ብሉቱዝ ደግሞ ፊቱ ላይ 2000 ዋት ይላል፤ ከጀርባው በጥቃቅን ፊደል ከሶኬት የሚወስደው 30 ዋት መሆኑን ይናዘዛል። 30 ወስዶ 2000 የሚመልስ ነገር ከተገኘ ግድብ መሥራት ለምን አስፈለገ? እዚሁ ጅማ ዞን ያለው ግልገል ጊቤ አንድ እንኳ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አቅሙ 184 ሜጋ ዋት ነው ተብሎ ልክ ልኩ ተነግሮለታል። ይህን ለሻጩ እያስረዳሁ ሳለ መብራት ሄደ። የዚያን ቀን ማዳመጥም በዚሁ አበቃ።

ለመሆኑ ሳሎን ውስጥ ስንት ዋት ነው የምንፈልገው? የትንሹ ስፒከር ወረቀት 86 ዴሲቤል ይላል። በ1 ዋት ብቻ፣ 1 ሜትር ላይ ሆኖ ሲለካ ማለት ነው። 86 ዴሲቤል እንግዳ ተቀምጦ ወሬ የማያስወራ ድምፅ ነው። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ነው፤ የኔ አምፕ 50 ሆነ 100 ሆነ ጆሮ ላይ ያለው ልዩነት ይህችው ናት። ለግዙፉ ፍትሕ ልስጠው፦ ትልቅ ስፒከር በደንብ ከተሠራ በትንሽ ዋት ብዙ ይሰጣል። 92 ዴሲቤል የሚወጣው ቢሆን ትንሹ የሚፈልገው ዋት ሩቡ ይበቃዋል። ስለዚህ ጠላሁት አላልኩም፤ ቁጥሩን አሳዩኝ ነው ያልኩት። «ዴሲ... ምን?» ተባልኩ።

ኦሙም አለ። የኔ አምፕ ጀርባው ላይ 8 ኦም ይላል፣ ግዙፉ 4 ኦም ነው። 4 ኦም ከአምፑ እጥፍ ከረንት ይጎትታል፤ ለዚያ ያልተሠራ አምፕ ድምፁ ከፍ ሲል ይግላል፣ ይቆራረጣል፣ ሲብስም ይቃጠላል። «ምንም አይልም ጋሼ፣ ስንቱን ሸጠናል!» ይሉሃል። መሸጡንስ ሸጣችኋል፤ የተቃጠለበት ሰው ተመልሶ ቢመጣ የሚጠብቀው ደረሰኙ ላይ የተመታው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አይደል?

ከሁሉ ያናደደኝን ልንገራችሁ። የግዙፉ ፊት ላይ ክብ ክብ ነገር አራት አለ። ወረቀት ጠቅልዬ፣ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ክቦቹ ላይ እያደረግሁ በየተራ አዳመጥኳቸው። ሁለቱ ትንፍሽ አይሉም። ከላይ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ፣ ከውስጥ ባዶ፤ ለጌጥ የተለጠፉ ናቸው። ሻጩ መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ ቀጥሎ ወረቀቷን ተቀብሎኝ ራሱ አዳመጠ፣ ከዚያ መሳቁን ተወ። ልጁ ምን ያድርግ፤ እሱም የመጣለትን ነው የሚሸጠው። እ.ኤ.አ. በ1925 ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች የዛሬውን ዓይነት ድምፅ ማጉያ ሲያስተዋውቁ ነገሩ ማግኔት፣ የሽቦ ጥቅልና የሚርገበገብ ወረቀት ነበር። መቶ ዓመት አለፈው፣ አሁንም ዋናው ነገር ያው ነው። የውሸት ክብና የዳንስ ቤት መብራት የኛ ዘመን ጭማሪ ነው።

ትንሹ ደግሞ ያለ ጥፋቱ ተፈርዶበት ኖሯል። ባሱ ሳሳ፣ ዘፋኙም ከመሃል ይሁን ከጓዳ የሚዘፍንበት ቦታ ጠፋኝ። ጎንበስ ብዬ ገመዱን ስከተል የግራው ሳጥን ቀዩ በጥቁር፣ ጥቁሩ በቀይ ታስሯል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ሳጥን አየሩን ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ባሱ እርስ በርሱ ይጣፋል። ገመዱ ሲስተካከል ሌላ ስፒከር ሆኖ ቁጭ አለ። ያቺን ገመድ ያየላት ጠፍቶ ስንት ሰው ትንሹን «አይረባም» ብሎ ግዙፉን በባጃጅ አስጭኖ ሄዶ ይሆን?

ዋጋውን ተዉት። የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ትናንት የጠየቅነው ዋጋ ዛሬ አይሠራም፤ ከዚያ በፊት የገባ፣ አቧራ የጠጣ ካርቶን ሳይቀር «ዶላር ጨመረ» ይባልበታል። መካሪውም በየደጁ ነው። ጎረቤቴ «ሞንታርቦ ልታመጣብን ነው እንዴ?» ብሎ ከወዲሁ አኩርፏል፤ የእህቴ ልጅ ግዙፉን ካልገዛህ ቤትህ አልመጣም ብሏል። ባለቤቴ በበኩሏ ግዙፉ ከገባ ረከቦቱ የት ይቀመጣል ትላለች፤ ትንሹንም ብትፈቅድ ዳንቴል ልታለብሰው፣ አበባም ልታስቀምጥበት እንደሆነ ከአሁኑ አውቄዋለሁ። ደግሞስ ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። ቆርቆሮው መደብደብ ሲጀምር 3000ውም 50ውም እኩል ዝም ይላሉ።

ስለዚህ የጅማ ባለ ሱቆች፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ልመናዬ ትንሽ ነው። ሁለቱን ስፒከር በአንድ አምፕ፣ በአንድ ዘፈን፣ ድምፁን እኩል አድርጋችሁ አሰሙን። ቀዩን ለቀይ እሰሩልን። ገዢው አምፑን አዝሎ ቢመጣ እንደ እብድ አትዩት። እኔ ትንሹን ወስኛለሁ፣ ብሩንም አዘጋጅቻለሁ። የነገ ሳምንት ስመጣ ግን እባካችሁ መጀመሪያ ያንን ግዙፍ አጥፉልኝ፤ ትንሹን ስንት እንዳላችሁኝ እንኳ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።