ዜና ዕረፍቱ ለኦተርዌር

ክቡራን ኀዘንተኞች፣ የሟች ወዳጆችና የሥራ ባልደረቦች፣ እንዲሁም ሟቹን በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ ሳትጠይቁ ዛሬ ስለ ውርሳቸው ለመስማት ከፊት ወንበር የተቀመጣችሁ የሶፍትዌር ሻጮች! ሰው በሞተ ጊዜ ዜና ሕይወቱን አንብቦ መሸኘት የቆየ ልማዳችን ስለ ሆነ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በኮምፒዩተር ሰውን ሲያስተምር ለኖረ የትምህርት ማዘጋጃ መሣሪያም ይህ ክብር ሊነፈገው አይገባም በማለት፣ እኔ ትሑቱ ተናጋሪ የክቡር ኦተርዌርን ልደትና ገድል፣ ሕማምና ዕረፍት፣ ከዚያም ይልቅ ድንኳኑን ያስጨነቀውን የወራሽ ነገር በአጭሩ፣ ማለት በእንዲህ ያለ ቦታ እንደ ተለመደው በረጅሙ፣ እናገር ዘንድ ቆሜአለሁ።

ክቡር ኦተርዌር የተወለዱት በ1987 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን፣ ከዚህ በኋላ የምጠራው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ፤ አገራቸው አሜሪካ፣ ግዛታቸው ሚኒሶታ፣ አባታቸውም ዶክተር ማይክል አለን ይባላሉ። ዘራቸው ከተራ አይደለም። የግሪኩን ፈላስፋ ስም ይዞ በ1960 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተነሣው ፕላቶ የተባለው በኮምፒዩተር የማስተማር ሥርዓት፣ ኋላ ኮንትሮል ዳታ በሚባለው ኩባንያ እጅ ገብቶ ሲስፋፋ፣ ዶክተር አለን በዚያ ሥራ ተካፋይ ነበሩ። በዚያ ዘመን አንድ መምህር ለኮምፒዩተር ትምህርት ማዘጋጀት ሲያምረው፣ ወይ ቱቶር የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ራሱ መማር፣ ወይም ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ደጅ መጥናት ነበረበት። ትምህርቱን የሚያውቀው ኮምፒዩተሩን አያውቅ፣ ኮምፒዩተሩን የሚያውቀው ትምህርቱን አያውቅ፤ ተማሪውም ሁለቱ እስኪግባቡ ድረስ ተቀምጦ ይጠብቃል። ክቡር ኦተርዌር ወደዚህ ዓለም የመጡት እነዚህን ሁለቱን ለማስታረቅ ነው።

ወደ ገድላቸው ስንገባ ከሁሉ በፊት የምትነሣው ያች መሥመር ናት። አዘጋጁ አዲስ ሥራ ሲከፍት በባዶው መስኮት ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደች አንዲት ቀጭን መሥመር ያገኛል፤ በእርሷም ላይ ትናንሽ አይከኖችን፣ ይኸውም የማሳያውን፣ የማጥፊያውን፣ የመጠበቂያውን፣ የማንቀሳቀሻውን፣ የድምፁን፣ የስሌቱን፣ የውሳኔውንና የሁሉ አለቃ የሆነውን የጥያቄና የመልስ አይከን፣ በየተራ እየሰካ ይወርዳል። ተማሪው መልስ በሰጠ ጊዜ ከመሥመሯ በስተቀኝ መንገዶች ይከፈታሉ፤ የቀናው ወደ ፊት ያልፋል፣ የሳተው ምክንያቱ ተነግሮት ይመለሳል፣ ደጋግሞ ለሳተው ሌላ ምሳሌ ይቀርብለታል፣ ዝም ብሎ የተቀመጠውም ሰዓቱ ሲሞላ ይቀሰቀሳል። የሥራውን አንድ ክፍል ብቻ መሞከር የሚሻ አዘጋጅ ነጩን ባንዲራ ከመነሻው፣ ጥቁሩን ከመድረሻው ላይ ተክሎ በመካከል ያለውን ብቻ ያስኬደዋል። መሥመሯም ስትረዝም እንደ ካርታ ባለው አይከን ውስጥ ትታጠፋለች፤ በዚህ ዓይነት የአንድ ሙሉ ኮርስ ሐሳብ በአንድ ገጽ ላይ፣ ከራሱ እስከ እግሩ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከዚህ ቀጥሎ የምለውን ኀዘን አናገረው እንዳትሉኝ እለምናለሁ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት መሣሪያዎች አብዛኞቹ ሥራ ሲጀመር የሚዘረጉት ባዶ ስላይድ ነው፤ ባዶ ስላይድም ሥዕል ይጠይቃል፣ ሥዕሉም ቀለም ይጠይቃል፣ ቀለሙም የአለቃውን አስተያየት ይጠይቃል፤ እንዲህ ሲባል ሳምንቱ ያልቅና «ተማሪው ቢሳሳት ምን እናደርገዋለን?» የሚለው ጥያቄ ዐርብ ከቀትር በኋላ፣ ሁሉም ቦርሳውን ባነሣበት ሰዓት ይነሣል። በሟቹ ቤት ግን ይህ ጥያቄ የመጀመሪያው ነበር፤ መሥመሯ ያለ እርሱ አትሄድምና። ዛሬ በየቁልፉ ሥር እንደ ክታብ ተጠቅልሎ የሚደበቀውን የ«ይህ ሲነካ ያ ይታይ» ትእዛዝ አንድ በአንድ እየፈታ ሌላ ሰው የሠራውን ኮርስ ለማስተካከል የሞከረ ባለሙያ፣ የዚያችን መሥመር ግልጽነት አስታውሶ ቢያለቅስ አይፈረድበትም።

የሟች ነውር በመቃብሩ ፊት አይነሣም ይባላል፤ ሆኖም ወራሽ የሚመረጥበት ቀን ስለ ሆነ ጥቂቱን ማንሣት ግድ ነው። ዋጋቸው ውድ ነበር፤ የመጨረሻው እትማቸው ወደ 3000 ዶላር ይሸጥ ስለ ነበረ፣ ተራ የትምህርት ቤት መምህር በሩቁ እጅ ከመንሣት በቀር ሊቀርባቸው አይችልም ነበር። በኢንተርኔት ሲመጡም ብቻቸውን አይመጡም፤ የተማሪው ብራውዘር አስቀድሞ የእርሳቸውን ማጫወቻ ካልተቀበለ በቀር በር ላይ ቆመው ይቀራሉ። ደግሞም ያን ሁሉ አይከን ሰጥተዋቸው ሳለ ጽሑፍ አሳይቶ «ቀጥል» የሚል ቁልፍ ከማስቀመጥ በቀር ምንም ያልሠሩ አዘጋጆች ብዙዎች ነበሩ፤ ይህ የሟቹ ጥፋት ባይሆንም፣ ዛሬ ከሁሉ አብልጠው ደረታቸውን የሚመቱት እነዚያው መሆናቸውን ከቆምሁበት ሆኜ እያየሁ ነው።

የአሳዳጊዎቻቸው ታሪክ አጭር ነው። በ1992 የትውልድ ቤታቸው ማክሮማይንድ ፓራኮምፕ ከተባለው ጋር ተዋሕዶ ማክሮሚዲያ ሆነ፤ በዚያም ዳይሬክተር ከተባለው ሌላ መሣሪያ ጋር አብረው አደጉ፤ በ2003 ሰባተኛ እትማቸው ወጣ፤ በታኅሣሥ 2005 ማክሮሚዲያ ራሱ በአዶቢ ተጠቀለለ፤ በነሐሴ 2007 ደግሞ አዶቢ ከእንግዲህ ኦተርዌርን እንደማያሳድግ አስታወቀ። የመርዶው አነጋገር ግን የሚደነቅ ነበር። ሞቱ አላለም፤ አዲስ እትም አይወጣም፣ ሽያጩና ድጋፉ ግን ለጊዜው ይቀጥላል አለ እንጂ። እኔ በዕድሜዬ ብዙ መርዶ ሰምቻለሁ፤ ከተረዱ በኋላ ገበያ የዋሉ ሟች ግን ከእርሳቸው በቀር አላውቅም። በዚህ ምክንያት ኀዘንተኛው ተከፍሎ፣ እኩሉ ማቅ ሲለብስ እኩሉ ተጨማሪ ፈቃድ ይገዛ ነበር።

አሁን ወደ ወራሹ ነገር እንምጣ። በዚያን ጊዜ ብዙው ሰው ተሯሩጦ ተንቀሳቃሽ ሥዕል መሥሪያ ወደ ሆነው ወደ ፍላሽ ተጠጋ። ወጣት ነው፣ መልከ መልካም ነው፣ በየብራውዘሩ ታውቋል፣ አሳዳጊውም ያው አንዱ ቤት ነው ተባለ። ነገር ግን በዚያው በ2007 የወጣው አይፎን ፍላሽን ከደጁ አላስገባውም፤ በ2010 የአይፎኑ ኩባንያ አለቃ ስቲቭ ጆብስ ለምን እንዳላስገባው ምክንያቱን ዘርዝሮ ጻፈ፤ የድረ ገጽ ቋንቋው ኤችቲኤምኤል 5 ደግሞ ያለ ምንም ማጫወቻ ድምፁንም ተንቀሳቃሹንም ሥዕል ማሳየት ቻለ። በመጨረሻ ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 የፍላሽ ዕድሜ አበቃ፤ ጥር 12 ቀን 2021 ማጫወቻው በፍላሽ የተሠራውን ሁሉ እንዳያሳይ ታገደ። ቀኑን የቆጠረ ሰው እንደሚያስተውለው፣ እገዳው የወደቀው ልክ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ነው፤ የአዶቢ ሰዎች ይህን የተዝካር ቀን ከየትኛው መምህር እንደ ጠየቁ ባይነገርም፣ ሥርዓቱን ግን አላፋለሱም። እንግዲህ ከኦተርዌር ወደ ፍላሽ በብዙ ድካም የተሸጋገረው ትምህርት ኀዘኑን ሳይጨርስ ሁለተኛ ድንኳን ተተከለለት።

ከዚያው ከአዶቢ ቤት ሌላ ተወዳዳሪ፣ ካፕቲቬት አለ። ይህ ሰው ቀድሞ ሮቦዴሞ ይባል ነበር፤ ማክሮሚዲያ በ2003 ኢሄልፕ የተባለውን ኩባንያ ሲገዛ አብሮ መጥቶ በ2004 በዛሬ ስሙ ተጠራ። የኮምፒዩተር ፕሮግራምን አጠቃቀም በማሳየት የሚተካከለው ጥቂት ነው። ዳሩ ግን በ2023 እንደ አዲስ ተሠርቶ ሲወጣ፣ በቀድሞው ካፕቲቬት የተሠሩትን ፋይሎች መክፈት አልቻለም፤ ስሙ ያው፣ ቤቱ ያው፣ የወለዳቸውን ልጆች ግን አያውቃቸውም። የቀድሞውም ክላሲክ በሚል ስም በጓዳ ተቀመጠ። መሣሪያ መሞት ብቻ ሳይሆን በሕይወት ሳለም መርሳት እንደሚችል ያሳየን እርሱ ነው። የአርቲኩሌት ኩባንያ ልጅ ስቶሪላይን ከ2012 ጀምሮ ገበያውን ይዟል፤ ፓወርፖይንት የሚያውቅ ሰው በአንድ ቀን ይለምደዋል፤ ከዓመት ወደ ዓመት የሚከፈለው መዋጮ ግን እንደ ዕድር ነው፣ ልዩነቱ ዕድር ስትሞት ይቀብርሃል፣ ይህ መዋጮውን ባቋረጥህ ቀን የራስህን ሥራ ይቆልፍብሃል። ሌክቶራም አለ፤ ጨዋ ነው፣ ድምፁም አይሰማም።

ወራሽ የሚመርጠውን ኮሚቴ ሳየው እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ራሱ ይዞት የመጣውን የተወለወለ ምሳሌ ያሳያል፣ ኮሚቴውም ያን አይቶ ያጨበጭባል። እኔ ብሆን የማስፈትነው በሌላ ነበር። ከሟቹ ሥራዎች መካከል እጅግ አስቸጋሪውን፣ ቅርንጫፉ የበዛውንና ተማሪው አቋርጦ ነገ የሚመለስበትን አንዱን መርጬ፣ «በል ይህን ሥራ» እለው ነበር። ስኮርም 1.2 የሚባለው በ2001 የወጣው ደንብ፣ አንድ ትምህርት ስለ ተማሪው እንዲያስታውስ የሚፈቅድለት ከ4096 ፊደል የማይበልጥ ነው፤ ይህን የማያውቅ መሣሪያ ኮርሱ ሲረዝም የተማሪውን ቦታ ይረሳና፣ ዘጠኝ ምዕራፍ ያነበበውን ሰው ወደ መግቢያው ይመልሰዋል። ቀጥዬም በአማርኛ አስጽፈው ነበር። የግዕዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ በኋላ ሰበብ የለም፤ ሆኖም በስላይዱ ላይ ያማረው ጽሑፍ በታተመ ጊዜ ወደ ባዶ ሣጥን የሚለወጥበት፣ አራት ነጥቡም ብቻውን ወደ ሁለተኛው መሥመር የሚወርድበት መሣሪያ ዛሬም አይጠፋም።

ከሁሉ በላይ ግን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ለሠርግ የሚጠየቅ ባይሆንም ለወራሽ ይጠየቃል፦ «አንተስ ስትሞት በእጃችን ምን ትተህ ትሄዳለህ?» ለተማሪ የታተመ የስኮርም ጥቅል አለን ብላችሁ አትታለሉ። ጥቅሉ የበሰለው እንጀራ ነው፣ ሊጡ አይደለም፤ ተማሪውን ያበላል፣ አንድ ቃል ለማረም ስትሹ ግን የሚቦካ ነገር አታገኙበትም። ሟቹ ሲያርፉ በየመሥሪያ ቤቱ የቀረው ጥቅሉ ነበር፤ መሥሪያ ፋይሉ ወይ ከለቀቀው ሠራተኛ ኮምፒዩተር ጋር ሄዷል፣ ወይም ቢኖርም ከእርሳቸው በቀር የሚከፍተው የለም። በዚህ ረገድ ድሆቹ ዘመዶች፣ በነጻ የሚገኙት አዳፕትና በኖርዌይ በ2013 የተጀመረው ኤችፋይፒ፣ ከባለጠጎቹ ይሻላሉ፤ የኤችፋይፒ ፋይል ሲፈታ ጽሑፉ በግልጽ ፊደል፣ ሥዕሉም በሥዕልነቱ ይወጣልና፣ መሣሪያው ቢጠፋ እንኳ የሚነበብ ነገር ይቀራል። መልካቸው እንደ ስቶሪላይን አያምርም፣ ቅርንጫፍ መዘርጋትም ያታክታቸዋል። እኔ ግን ለረጅም ዘመን የሚኖረውን ትምህርት፣ የጤናና የደኅንነት፣ የሕግና የሒሳብ የመሰለውን፣ ለእነርሱ እሰጥ ነበር፤ በስድስት ወር የሚያረጀውን የአዲስ ሸቀጥ ማስተዋወቂያ ደግሞ ከፈለገው ጋር ይኑር።

ደግሞም ሁሉ ይወረስ ያለን የለም። ከሟቹ እጅ የወጣው ትምህርት ግማሹ ማንም የማይከፍተው፣ ሕጉ የተለወጠ፣ የሚያስተምረውም ማሽን የተጣለ ነው። ይህን ወደ አዲስ መሣሪያ ለማሻገር በጀት የሚጠይቁ አለቆች አሉ፤ በጀቱ ይሰጥ፣ ግን ለግንዘት ይሁን። የቀረውንም ቢሆን እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ፣ መምህሩን ጠርቶ ያችን የቀድሞ መሥመር በወረቀት ላይ እንደገና ማስመር ይበጃል፤ ወረቀቱን የሚያቋርጥ አሳዳጊ የለምና።

ከንፍሮው በፊት አንድ ማስታወቂያ ደርሶኛል። ከኀዘንተኞቹ አንዱ በመሥሪያ ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት አንድ ኮምፒዩተር እንዳለ፣ በእርሱም ላይ ሟቹ እስከ ዛሬ ጧት ድረስ አዲስ ሠራተኞችን ሲያስተምሩ እንደ ነበሩ በጆሮዬ ነግረውኛል። ፍትሐቱ ስለ ተፈጸመ አናስነሣቸውም፤ ማሽኑን ግን ዛሬ እንዳታጠፉት። በውስጡ ያለውን መሥሪያ ፋይል ሁሉ ገልብጡ፣ ጽሑፉን፣ ድምፁንና ሥዕሉንም ለየብቻ አውጥታችሁ አኑሩ፣ የምዝገባ ቁጥሩ በዲስኩ ሽፋን ላይ ተለጥፎ ከሆነም ፎቶግራፍ አንሡት። የኢንተርኔቱን ገመድ ግን ንፍሮው ሳይቀርብ፣ አሁኑኑ፣ አንድ ሰው ሮጦ ይንቀልልኝ።