ዕረፍት በዳይፐር ሲለካ

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ለያዘ ግን መንገዱ የሚለካው በዳይፐር ነው። ጭነቱን ያየ ጎረቤት «ቤት ለቀቃችሁ እንዴ?» ቢል አይፈረድበትም፦ ጡጦ፣ ፖፖ፣ አጥሚት በፔርሙዝ፣ እንዲሁም ጋቢ። (ቆላ ነው ቢባሉም አያት «ብርድ ቢመታውስ?» ብለዋላ!) የወላጆቹ የዋና ልብስ ቦታ አላገኘም።

ጌታው እስከ ሞጆ ያለቅሳሉ፣ ከመቂ በኋላ ይተኛሉ፣ ሆቴሉ በር ላይ ሲደርሱ ነቅተው ዓይናቸውን ያፈጣሉ። ሐይቁ የተመረጠው ቢልሃርዝያ የለበትም ተብሎ ነበር። እናት ግን ቡናማውን ውሃ ስታይ «ይሄማ ጭቃ ነው» አለችና ልጁን በሃይላንድ ውሃ አጠበችው። ልጁም ከሐይቁ፣ ከአሸዋው፣ ከወፎቹ ሁሉ አስበልጦ የወደደው የሃይላንዱን ክዳን ነው። ክዳን እኮ ቤትም ነበር፤ ያውም በነፃ።

ማታ ሦስቱም የሳቁበት አንድ ፎቶ ተገኘና «ነፍስ የሚያድስ ዕረፍት» ተብሎ ፌስቡክ ላይ ወጣ። ሰኞ ጠዋት አባት ከጥበቃው ቀድሞ ቢሮ ደረሰ። የዓመት ፈቃዱ ገና ሁለት ቀን ይቀረው ነበር።