ይድረስ ለክቡር ዊንዶውስ አፕዴት፣ ካሉበት

ጉዳዩ፦ ሳይጠሩ ሲመጡ ኖረው ሲጠሩ ስለ መቅረትዎ

ክቡርነትዎ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከግሸን ግርጌ፣ ከአምባሰል፣ ይመስገነው ደህና ነን። መብራት ሲኖር ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ይሄዳል፤ ሁለቱ ታርቀው አብረው ሲያመሹ ደግሞ ፓኬጁ አልቋል። ይህን የምንጽፈው ለስሞታ አይደለም። እርስዎ «ኮምፒዩተርዎን አያጥፉ» ሲሉ እኛ ሳናጠፋውም እንደሚጠፋ እንዲያውቁልን ነው።

ትጋትዎን ማንም አይክድም። ከጥቅምት 1996 ዓ.ም. ጀምሮ በየፈረንጅ ወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ፣ በማይክሮሶፍት መቀመጫ በሬድመንድ ከረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን፣ ጓዝዎን ሸክፈው ይነሳሉ። ያን ጊዜ እኛ ዘንድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ በእነሱ ብርድ ወራት 3። ሰው ራቱን በልቶ ወደ መኝታው ሲያዘግም እርስዎ በር ያንኳኳሉ። ማንኳኳቱም ኋላ የመጣ ጨዋነት ነው፤ በዊንዶውስ 10 የመጀመሪያ ዓመታት ሰው ሥራ ላይ እያለ ኮምፒዩተሩን አጥፍተው ሲያስነሱ ዓለም ሁሉ የጮኸብዎ መቼም ከጆሮዎ አልጠፋም።

ይህን ሥልጣን ከየት አገኙት የሚል ቢኖር መልሱ የፈቃድ ውሉ 6ኛ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ውሉን የተቀበለ ሰው፣ ሌላ ማስታወቂያ ሳይሰጠው አፕዴቱ በራሱ ወርዶ እንዲጫንለት ተስማምቷል። ማን አነበበው? ሁሉም «እስማማለሁ» የሚለውን ተጭኖ አለፈ። ሌላው ባያነበው እንኳ እኛ ልናነበው ይገባን ነበር። የ1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመባት ውጫሌ እዚሁ አምባሰል ናት፤ 17ኛው አንቀጽ ያመጣውን ጣጣ ከእኛ የተሻለ የሚያውቀው የለም። አጼ ምኒልክ ግን ያን ውል ማፍረስ ችለዋል። የእርስዎን ማፍረስ የፈለገ ዊንዶውስን ነቅሎ ሊኑክስ ይጫን እንጂ ሌላ መንገድ የለውም።

ውለታዎንም አንረሳም። መጋቢት 5፣ 2009 ዓ.ም. አንዲት ቀዳዳ የሚደፍን መጠገኛ ላኩ። የተቀበለ ተቀበለ፤ «ነገ» ያለውም ብዙ ነበር። ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያችው ባልተደፈነች ቀዳዳ ገብቶ ከ150 በላይ በሆኑ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ቆለፈና በቢትኮይን ማስለቀቂያ ጠየቀ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሽተኛ እስከ መመለስ ደረሱ። ስለዚህ እርስዎ ሲቀሩ «እሰይ፣ ፓኬጄ ተረፈልኝ» የሚል ሰው ዕዳውን አላየውም።

ታዲያ ለምን ቀሩ?

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ቀን ነው። ክቡርነትዎ 13 ወር ያላት አገር መኖሯን የሰሙ አይመስሉም። ከሰዓትዎ አጠገብ ለቻይና የጨረቃ አቆጣጠር ቦታ ሰጥተዋል፤ የእኛ መስከረም ግን የለዎትም፤ ጳጉሜንማ ከነጭራሹ አትነሣ። ስለዚህ አንድ ቅን ሰው ኮምፒዩተሩ «2025» ሲለው «ተሳስተሃል» ብሎ 2018 ያደርገዋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እርስዎ አይመጡም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኮምፒዩተሩ ከእርስዎ ሰርቨር ጋር ከመነጋገሩ በፊት ዲጂታል ሰርተፍኬትዎን ያያል። ሰርተፍኬቱ የሚጸናበት መነሻና መድረሻ ቀን አለው። 2018 ላይ ለቆመ ኮምፒዩተር በ2025 የተሰጠ ሰርተፍኬት ገና አልተወለደም፤ ላልተወለደ እንግዳ ማን በር ይከፍታል? በሩ ይዘጋና ዜሮ ኤክስ 80072ኤፍ8ኤፍ የሚል ቁጥር ብቅ ይላል። «ወዳጄ፣ ቀንህን እይ» ማለት ይህን ያህል ከብዶዎት ነው?

ቀኑ ማንም ሳይነካው የሚዛነፍበትም መንገድ አለ። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ ሲአር2032 ትባላለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። መብራት በማይጠፋበት አገር ብዙ ሥራ የላትም፤ እዚህ ግን ሌት ተቀን ዘብ ናት፣ ስትሞትም ማንም አያረዳላትም። እሷ ከሞተች ወዲያ መብራት ጠፍቶ ዴስክቶፑ በተነሣ ቁጥር ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ባለቤቱ «ቫይረስ ነው» ተብሎ ፎርማት ያስደርጋል፣ ይከፍላል፤ በማግሥቱ መብራት ሄዶ ሲመጣ ያው ነው። የኮምፒዩተሩ ሐኪም ባትሪዋን ቀይሮ ቀኑን ቢያስተካክል ኖሮ ያበቃ ነበር።

ከቀኑ ቀጥሎ ጥፋተኛው የእኛው እጅ ነው፤ በግሸን ስም አንዋሽም። ፎርማት የሚያደርገው ልጅ «ኢንተርኔት ይበላብሃል» ብሎ አገልግሎትዎን ይዘጋዋል፤ ከዓመት በኋላ ዜሮ ኤክስ 80070422 ሲመጣ የዘጋውም ያዘጋውም ረስተውታል። ሌላው በስልኩ ሆትስፖት ሲጠቀም ግንኙነቱን «ሚተርድ» ያደርገዋል፤ እርስዎም ትእዛዝ አክባሪ ነዎትና በቆጣሪ በሚከፈልበት መስመር በራስዎ አይወርዱም። በፍላሽ የሚዞረው፣ ፈቃዱ ከየት እንደመጣ የማይጠየቀው ዊንዶውስ ደግሞ አለ፤ ከአንዳንዱ ቅጂ ውስጥ እርስዎ ገና ሳይጫን ተቆርጠው ወጥተዋል። እንዲህ ያለውን ባለቤት ስለ መቅረትዎ ለመክሰስ የሚደፍር ጠበቃ አይገኝም።

ወርዶ የቀረም አለ። ሶፍትዌር ዲስትሪቢውሽን የሚባል ፎልደር አለዎት፤ የሚያወርዱትን ሁሉ የሚያከማቹት እዚያ ነው። መብራት አጋማሽ ላይ ሲሄድ ግማሽ ፋይሎች እዚያው ይቀራሉ። በመካከለኛው ዘመን ዙፋን ያሰጋሉ የተባሉ የነገሥታት ልጆች እዚህ ግሸን አምባ ላይ ይጠበቁ ነበር። ዙሪያው ገደል፣ መግቢያው ጠባብ፤ ለንግሥ ተጠርቶ ካልወረደ በቀር ልዑሉ ዕድሜውን የሚጨርሰው ተራውን ሲጠባበቅ ነው። የእርስዎም ፋይሎች እንደዚያው «በመጠባበቅ ላይ» እንደተባሉ ያረጃሉ፤ አዲስ የመጣውንም አያሳልፉም። መፍትሔው አገልግሎቱን አቁሞ የፎልደሩን ስም መለወጥና መልሶ ማስጀመር ነው፤ ዊንዶውስ በቦታው አዲስ ፎልደር ይሠራል። ይህ ካልበጀ ዲአይኤስኤም የሚባለው ጠጋኝ ይጠራል። እዚህ ላይ ግን ክቡርነትዎን ሳናደንቅ አናልፍም፦ ይህ ጠጋኝ የጎደለውን ፋይል ሌላ ምንጭ ካልተነገረው በቀር የሚያመጣው ከራስዎ ከአፕዴት ነው! ሐኪሙ መድኃኒቱን ከበሽተኛው ይበደራል።

ሁሉንም በመብራትና በእኛ አናሳብብ። ገና በዋለ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 30፣ 2016 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 የጸጥታ መጠገኛ ብለው የላኩት በዲስኩ የመልሶ ማቋቋሚያ ክፍልፋይ ላይ 250 ሜጋባይት ባዶ ቦታ ይፈልግ ነበር። ክፍልፋዩን ሲጫን ያን ያህል ያጠበበው ራሱ ዊንዶውስ ነው። ቦታ ያጣው ሰው ሁሉ ዜሮ ኤክስ 80070643 ታደለ። ጌታዎ ማይክሮሶፍት የሰጠው ምክር ምን ነበር? ተጠቃሚው ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ዲስኩን በገዛ እጁ እንዲሸነሽን! ሂሳብ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ የቀበሌ ጸሐፊዋ። አንድ ፊደል ቢሳሳቱ የዓመቱ ሰነድ ድራሹ ይጠፋል።

ስለ አንዲት ቃልዎም እንነጋገር። ሳይሳካልዎ ሲቀር «በኋላ እንደገና እንሞክራለን» ይላሉ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልላችን በጦርነቱ ሳቢያ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ኮምፒዩተሮቹ ያን ጊዜ ሁሉ «በኋላ» እንዳሉ ከረሙ። መስመሩ ሲመለስ የጠበቃቸው የአንድ ወር ዕዳ አልነበረም፤ ሥሪቱ ያለፈበት ማሽን መጀመሪያ ወደ አዲሱ ሥሪት መሻገር አለበት፣ ይህም በጊጋባይት ሊቆጠር ይችላል። ጦርነት ያለበት ቀጣና ሁሉ ከእርስዎ ሂሳብ ውጭ ነው ማለት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ቅያሜ እንምጣ። ዊንዶውስ 10 ሐምሌ 22፣ 2007 ዓ.ም. ከመውጣቱ በፊት ከዚህ በኋላ ሌላ ዊንዶውስ አይመጣም የሚል ቃል ከጌታዎ ቤት ሰው አፍ ወጥቶ ነበር። መስከረም 25፣ 2014 ዊንዶውስ 11 መጣ። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጸጥታ ቺፕ ይጠይቃል፣ ከኢንቴል ደግሞ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛ ትውልድ በታች አይቀበልም። «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ የሚሸጥልን ባለ ሦስተኛና አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ላፕቶፕ ይህን ፈተና አያልፍም፤ ይሁንና በደንብ እየሠራ ነው። ከዚያም የግሸን ማርያም ንግሥ ካለፈ በ13ኛው ቀን፣ ጥቅምት 4፣ 2018 ዓ.ም.፣ እርስዎ ለዊንዶውስ 10 መምጣት አቆሙ። ይኸኛው መቅረት በባትሪም በፎልደርም አይድንም፤ በአዋጅ የተደረገ ነው።

ለአንድ ዓመት ዕድሜ መቀጠያ አለ ተብለናል፤ እስከ ጥቅምት 3፣ 2019 ዓ.ም.። ዋጋው 30 ዶላር፣ ማለትም ከ4000 ብር በላይ፤ ብሩ ቢገኝ እንኳ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ስንቱ ነው? ካልሆነ በሽልማት ነጥብ፣ ወይም የኮምፒዩተሩን ቅንብር ወደ ማይክሮሶፍት ደመና በመላክ። የአውሮፓ ሸማች ማኅበራት ግን ጮኹ፤ ለአውሮፓውያን ያለ ክፍያ፣ ቅንብር ላኩ ሳይባሉ ተፈቀደላቸው። የመጮህ ችሎታ እንደ መግዣ ገንዘብ የሚቆጠር ከሆነ ይህ ደብዳቤ የእኛ ጩኸት ሆኖ ይመዝገብልን።

ስለዚህ የምንጠይቅዎ ብዙ አይደለም። ለአውሮፓ በነጻ የሰጡትን ለእኛም በነጻ ይስጡ፤ አዲስ ላፕቶፕ መግዣ ያለው እነሱ ጋ፣ አሮጌው ላፕቶፕ ያለው እኛ ጋ ነው። አማርኛ ገጽታ ካለዎት ስሕተቱንም በአማርኛ ይንገሩን፣ ቁጥሩን ለመሐንዲሶችዎ ይተዉት። የእኛንም ቀን መቁጠሪያ ከቻይናው ጎን ያስቀምጡልን።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ዊንዶውስ 10 ለያዘ አንባቢ፦ አስቀድመው ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ያስተካክሉ፣ ቀጥሎ አገልግሎቱ አለመዘጋቱን፣ ከዚያ የዲስኩን ባዶ ቦታ ይዩ። ኔትወርክ በሌለበት መጠገኛውን ከማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ ደሴ ላይ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። ፋይልዎን ግን ዛሬውኑ ሌላ ዲስክ ላይ ይቅዱ፤ የደብዳቤው መልስ እስኪመጣ አይጠብቁ።