የከሰል ሙዚየም መብራት

በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ ቤንሃም በምትባል ትንሽ የማዕድን ከተማ፣ የድንጋይ ከሰልን ታሪክ የሚዘክር ሙዚየም አለ። ይህ ሙዚየም በ2017 እ.ኤ.አ. ጣሪያው ላይ 80 የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች አስተከለ። ለአየር ንብረት አስቦ አይደለም፤ የመብራት ሂሳብ አንገሽግሾት ነው። ባለቤቱ የሆነው ኮሌጅ በዓመት ከ8,000 እስከ 10,000 ዶላር ይተርፋል ብሎ አስልቷል። እታች ከሰል ይወደሳል፤ እላይ ፀሐይ ትሠራለች።

ስሌቱ ያን ያህል አይጠልቅም። የከሰል ማመንጫ ተገንብቶ ካለቀ በኋላም በየቀኑ ይበላል፦ ከሰሉ ይቆፈራል፣ በባቡር ይጓጓዛል፣ ይቃጠላል፣ አመዱ ይደፋል፤ ለሁሉም ይከፈላል። የፀሐይ ሰሌዳ ወጪ ግን አብዛኛው የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ስለዚህ ከደመና ይልቅ የባንክ ወለድ ያስፈራዋል። የሰሌዳው ዋጋ ራሱ ከ2010 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት 90 በመቶ ገደማ ወርዷል።

ሲመሽ ግን ፀሐይ እንደ መንግሥት ሠራተኛ በሰዓቷ ከሥራ ትወጣለች (ትርፍ ሰዓት ቢከፈላትም አትቆይም)። ያኔ ባትሪ ወይም ሌላ ማመንጫ ያስፈልጋል፤ እሱም በነፃ አይገኝም። ሙዚየሙም ከከተማዋ የኤሌክትሪክ መስመር አልተላቀቀም፤ ቀን የተረፈው ኃይል ወደ መስመሩ ገብቶ ከሂሳቡ ላይ ይታሰብለታል።